በባዕድ ቅርጽ የተሰናዱ ፍሎፒ ዲስኮችን ስለ ማንበብ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ በልደታ፣ አዲስ አበባ የተደረገ ንግግር




ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ የጥቂት አሮጌ ዕቃ ወዳጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳንርቅ፣ በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ያሉትን የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች፣ የየሰፈሩን እድሮች፣ በጡረታ የተሰናበቱትን መምህራንና ጠበቆች ብናስብ፣ በየመደርደሪያውና በየሣጥኑ የተረሳው ዲስክ የጨዋታ ሳይሆን የሰነድ፣ ከሰነድም አልፎ የመብት ጉዳይ መሆኑን እንረዳለን።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል የተነገረው ብራናና ወረቀት በነበሩበት ዘመን ነው። ብራና ከጸሐፊው እጅ ከወጣ አምስት መቶ ዓመት ቢያልፈው፣ አንባቢው የሚያስፈልገው ዓይን፣ ብርሃንና የፊደል እውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ያፈራቸው ፊልሞችም ብርሃንና ማጉያ መስተዋት ካገኙ ይነበባሉ። ፍሎፒ ዲስክ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በላዩ የተጻፈው በዓይን አይታይም፤ የሚያነበው የጻፈው መሣሪያ ወይም የዚያን መሣሪያ ልማድ የሚያውቅ ሌላ መሣሪያ ብቻ ነው። መሣሪያው ሲጠፋ ጽሑፉ ሳይፋቅና ሳይቃጠል ይሰወራል። ስለሆነም በፍሎፒ ያለ በራሱ አይወረስም፤ የሚያወርሰው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1086 የተሰናዳው የዱምስደይ መዝገብ ዘጠኝ መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1986 የአገሩን ሕዝብ ኑሮ የሚያሳይ አዲስ መዝገብ በሌዘር ዲስክ አሳትሞ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ብቻ ሲያልፍ አዲሱን መዝገብ የሚያነቡት መሣሪያዎች እየጠፉ ስለ መጡ፣ የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች አሮጌውን ኮምፒዩተር የሚመስል ፕሮግራም ጽፈው ሊያድኑት ተገደዱ። የ1086ቱ ብራና ግን በዚያው ጊዜ ያለ አንዳች መሣሪያ ይነበብ ነበር።

አንድ ዲስክ ባዕድ የሚሆነው እንዴት ነው?

«ይህ ዲስክ አልነበብ አለ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ተበላሽቷል ተብሎ ነው። ብልሽትና ባዕድነት ግን የተለያዩ ናቸው። ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ የቀረበለት መሣሪያ ቋንቋውን ላያውቅ ይችላል። ባዕድነቱም በአራት ደረጃ ይታያል።

የመጀመሪያው የአካሉ መጠን ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ዲስክ ስፋቱ 8 ኢንች ነበር። የሹጋርት ኩባንያ በ1976 ባለ 5.25 ኢንቹን፣ ሶኒ ደግሞ በ1981 ባለ 3.5 ኢንቹን አስከተሉ። እንደ አምስትራድ ያሉት ኩባንያዎች ባለ 3 ኢንች ዲስክ መርጠዋል። ይህን ደረጃ ማንም በዓይኑ አይቶ ይለየዋል።

ሁለተኛው ማግኔቱ የተጻፈበት ስልት ነው። ዲስኩ ትራክ በሚባሉ ክብ መስመሮች፣ እያንዳንዱም ትራክ ሴክተር በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር በአንድ ገጽ 40 ትራክ፣ በትራክ 8 ሴክተር፣ በሴክተር 512 ባይት ይጽፍ ነበር፤ ይህም 160 ኪሎባይት ይሆናል። በ1983 ዘጠኝ ሴክተርና ሁለት ገጽ ሆኖ 360 ኪሎባይት ደረሰ። እነዚህ ሁሉ ኤም.ኤፍ.ኤም. በሚባለው ስልት የተጻፉ ናቸው። አፕል 2 እና ኮሞዶር ግን ጂ.ሲ.አር. የሚባል ሌላ ስልት ያዙ። የኮሞዶር 1541 ድራይቭ በ35 ትራክ ላይ ይጽፋል፤ የውጭዎቹ ትራኮች ረዘም ስለሚሉ 21 ሴክተር፣ የውስጦቹ ስለሚያጥሩ 17 ሴክተር ይይዛሉ፤ ድምሩም 683 ሴክተር ነው። ተራው የአይ.ቢ.ኤም. ድራይቭ መቆጣጠሪያ እንዲህ ያለውን ዲስክ ቢቀበል ባዶ ነው ይላል እንጂ «አላውቀውም» አይልም። በዚህ ምክንያት «ባዶ» ተብለው የተጣሉ ስንት ዲስኮች እንዳሉ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የፋይሎች አቀማመጥ ነው። ሲ.ፒ.ኤም. የተባለው ሥርዓት ከዶስ በፊት በብዙ ኩባንያዎች ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ ነበር። ሥርዓቱ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ኩባንያ የዲስኩን አከፋፈል እንደ ፈቀደ ወሰነ። አንዱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትራኮች ለሥርዓቱ ይተዋል፣ ሌላው ሦስት ይተዋል፤ አንዱ ሴክተሮቹን በተራ ይከተላል፣ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። የከፋው ነገር ዲስኩ ራሱ ይህን ሁሉ በላዩ አለመጻፉ ነው። አንባቢው ከውጭ ማወቅ ወይም መርምሮ ማግኘት አለበት።

አራተኛው የፊደል ውክልና ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ስለሆነ በኋላ ለብቻው እመለስበታለሁ።

የቤት ኮምፒዩተር እንደ አስተርጓሚ

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሸጡት የቤት ኮምፒዩተሮች መካከል ለዚህ ሥራ ጥሩ አስተርጓሚ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ኮሞዶር 128 ነው። ምክንያቱም 1571 የተባለው ድራይቩ ሁለቱንም ስልት ያውቃል። ለኮሞዶር የራሱን ጂ.ሲ.አር. ያነባል፤ በውስጡ ሌላ መቆጣጠሪያ ስላለው ኤም.ኤፍ.ኤም.ንም ያነባል። በሲ.ፒ.ኤም. ሥርዓት ሲነሣ የኦስቦርንን፣ የካይፕሮንና የኤፕሰንን ዲስኮች ለይቶ ይቀበላል። «ቢግ ብሉ ሪደር» የተባለው ፕሮግራም ሲጨመርለት ደግሞ የዶስን ዲስክ አንብቦ ወደ ኮሞዶር፣ የኮሞዶርንም ወደ ዶስ ያዛውራል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቋንቋ የሚናገር አስተርጓሚ ነበር ማለት ይቻላል።

ሆኖም ወሰን አለው። የ1571 ማንበቢያ ራስ በዲስኩ ገጽ ላይ 40 ትራክ ብቻ ይራመዳል። ከዚህ ላይ የአገራችንን ታሪክ የሚነካ ምሳሌ ላቅርብ። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን በምሥራቅ ጀርመን ተምረዋል። የዚያ አገር የሮቦትሮን ድርጅት ፒ.ሲ. 1715 የተባለ የቢሮ ኮምፒዩተር ሠርቶ ነበር፤ ሥርዓቱም ኤስ.ሲ.ፒ. የተባለ የሲ.ፒ.ኤም. አምሳያ ነው። በዚያ ከተለመዱት የዲስክ ቅርጾች አንዱ በሁለት ገጽ 80 ትራክ፣ በትራክ 5 ሴክተር፣ በሴክተር 1,024 ባይት የሚይዝ ነው፤ ሲባዛ 819,200 ባይት ይሆናል። ከጀርመን ተመላሽ የሆነ ምሁር መጻሕፍት መካከል እንዲህ ያለ ዲስክ ቢገኝ አያስደንቅም። የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ሊሆን ይችላል። ኮሞዶር 128 ይህን ማንበብ አይችልም፤ ትራኮቹ ለራሱ እጅግ የቀጠኑ ናቸውና።

ለእንዲህ ያለው የሚረዳው ባለ 1.2 ሜጋባይት ድራይቭ ያለው የኤ.ቲ. ዓይነት አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ድራይቩ 80 ትራክ ይራመዳል። ነገር ግን ዲስኩ የተጻፈው በደቂቃ 300 ጊዜ በሚዞር ድራይቭ ሲሆን ይህኛው 360 ጊዜ ይዞራል። በሰኮንድ 250 ሺህ ቢት የነበረው ፍሰት በዚያው ልክ ስለሚፈጥን መቆጣጠሪያው በ300 ሺህ እንዲያነብ መታዘዝ አለበት። ይህ ከተስተካከለ በኋላ «22ዲስክ» እንደሚባለው ያለ ፕሮግራም የሴክተሩን ብዛት፣ የብሎኩን መጠንና የማውጫውን ስፍራ ከነገሩት ፋይሎቹን እየለየ ያወጣል።

በዘመናችን ደግሞ ክራዮፍሉክስና ግሪስዊዝል የተባሉ ትንንሽ መሣሪያዎች መጥተዋል። እነዚህ በአሮጌ ድራይቭና በዛሬ ኮምፒዩተር መካከል በዩ.ኤስ.ቢ. ይገጠማሉ። ዲስኩ በምን ስልት እንደ ተጻፈ አስቀድመው አይጠይቁም፤ ማግኔቱ አቅጣጫውን የለወጠበትን እያንዳንዱን ቅጽበት ለክተው ይመዘግባሉ፤ ትርጓሜው በኋላ በፕሮግራም ይሠራል። የሥዕል ሰው አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1985 በአሚጋ ኮምፒዩተር የሠራቸው ሥዕሎች ከዲስክ ወጥተው በ2014 ለሕዝብ የታወቁት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት እንዲህ ባለ መሣሪያ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መቅዳትንና መተርጐምን መለየት እንደሚገባ ነው። ቅጂው በጊዜው ይወሰድ፤ ትርጓሜው ዓመት ቢፈጅም አይጐዳም።

ሣጥኑ ሲደርሰን

እንበልና ከልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ሲሠራ ከኖረ የጽሕፈት ቤት አንድ ሣጥን ዲስክ ቢደርሰን ምን እናደርጋለን? ችኩል ሰው ወዲያውኑ አንዱን አውጥቶ ወደ ድራይቩ ይከታል። ይህ መደረግ የለበትም።

አስቀድሞ ሣጥኑ እንዳለ፣ የዲስኮቹ ተራ ሳይዛባ፣ በፎቶግራፍ ይነሣ። በላያቸው የተለጠፈው ጽሑፍ፣ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር፣ የኩባንያው ስምና «ባለ ሁለት ገጽ» የሚለው ምልክት ሁሉ ማስረጃ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ዲስክ በመስኮቱ በኩል በብርሃን ይታይ። በአዲስ አበባ ክረምት እርጥበት ባገኘው ጓዳ የቆየ ዲስክ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል፤ ሻጋታውም እንደ ነጭ ነጥብ ወይም እንደ ሸረሪት ድር ይታያል። እንዲህ ያለው ሳይጸዳ ወደ ድራይቩ ቢገባ ራሱ ይፋቃል፤ የማንበቢያውንም ራስ አበላሽቶ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይጐዳል።

ሦስተኛው መጻፍን መከልከል ነው። በባለ 5.25 ኢንቹ ዲስክ ጐን ላይ ያለው ጥርስ በማጣበቂያ ይሸፈናል፤ በባለ 3.5 ኢንቹ ቀዳዳው ይከፈታል፤ በባለ 8 ኢንቹ ግን ልማዱ ተቃራኒ ነው፣ ጥርሱ ሲከፈት ነው መጻፍ የሚከለከለው። ይህ ጥንቃቄ ትርፍ አይደለም። ለምሳሌ ዊንዶውስ 95 መጻፍ ያልተከለከለ ዲስክ ሲያገኝ ማንም ሳያዝዘው በመጀመሪያው ሴክተር ላይ የራሱን ምልክት ያሰፍራል። በዶስ ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በባዕድ ቅርጽ ላይ ግን ያ ስፍራ ሌላ ነገር የያዘ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ባለ 40 ትራኩ ዲስክ በባለ 80 ትራኩ ድራይቭ ሁለት ሁለት እርምጃ እየዘለለ ይነበባል፤ ሊጻፍበት ግን አይገባም። ቀጭኑ ራስ የሚጽፈው በሰፊው መስመር መካከል ስለሆነ አሮጌው ጽሑፍ በግራና በቀኝ ይቀራል፤ የቀድሞው ድራይቭ ሁለቱን ደርቦ ሲያይ አንዱንም አይለይም።

ከዚህ በኋላ ዲስኩ ከመጀመሪያው ትራክ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ በሙሉ ይቀዳል። ደካማ ዲስክ በተነበበ ቁጥር ማግኔታዊ ቅቡን ሊያራግፍ ስለሚችል፣ አንዱን ፋይል ከፍቶ ማየት፣ ሌላውን መሞከር፣ ተመልሶ መዘርዘር ዲስኩን ማድከም ነው። ምርመራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። ቅርጹ ባይታወቅ እንኳ ቅጂው ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ ንባቡ በየ512 ባይቱ እየተቆረጠ ከሌላ ዐረፍተ ነገር ጋር የሚቀላቀል ከሆነ ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሴክተሮቹን ተራ አለማወቅ ነው። ዐረፍተ ነገሩ የተቆረጠበትን ስፍራና ቀጣዩ የተገኘበትን ስፍራ በማነጻጸር የዝላዩ ልክ ይታወቃል፤ አንድ ጊዜ ከታወቀ በዚያው መሣሪያ ለተጻፉት ዲስኮች ሁሉ ያገለግላል።

የፊደሉ ነገር

ይህ ሁሉ ተሳክቶ ፋይሉ ሲከፈት ግን ለእኛ ሥራው ተፈጸመ ማለት አይደለም። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የአማርኛው ፋይል ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የልዩ ልዩ ምልክት ክምር ነው።

ምክንያቱ ይታወቃል። አንድ ባይት 256 ስፍራ ብቻ አለው፤ ከእነዚህም 128ቱ በላቲን ፊደልና በመቆጣጠሪያ ምልክቶች አስቀድመው ተይዘዋል። የእኛ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋሉ። ስለዚህ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ብልሃት ተራመዱ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አካፈለው፤ አንዳንዱ አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ ቈጠረ፤ አንዳንዱም የላቲኑን ስፍራ ለግእዙ ሰጠ። አጋፋሪ፣ ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ፣ ዋሽራ እያልን የምናስታውሳቸው ሁሉ እርስ በርሳቸው አይነባበቡም ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም በ345 ምልክቶች የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ በየቤቱ ቋንቋ የተጻፈ ነው። እነዚያን ፈር ቀዳጆች ልንወቅሳቸው አይገባም፤ መለኪያ ሳይኖር አገሩ በፊደሉ እንዲጽፍ ያደረጉ ናቸው።

ታዲያ ሠንጠረዡ የጠፋበት ፋይል እንዴት ይነበባል? የተሻለው መንገድ የዚያኑ ጽሑፍ የታተመ ቅጂ ማግኘት ነው። በልደታ የጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ አቤቱታ አንድ ቅጂው በፍርድ ቤት መዝገብ፣ አንዱ በባለጉዳዩ እጅ ይገኛል። ወረቀቱን ከፋይሉ ጋር ጐን ለጐን አድርጎ ቃል በቃል ማመሳከር ይቻላል። ወረቀት ከሌለ ጽሑፉ ራሱ ይረዳል። የአቤቱታ አርእስት ሁልጊዜ አንድ መልክ አለው፤ «ከሳሽ»፣ «ተከሳሽ»፣ «ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት» የሚሉት ቃላት በተወሰነ ስፍራ ይመላለሳሉ። አራት ነጥብ በየዐረፍተ ነገሩ ማብቂያ ይገኛል። ከእነዚህ ተነሥቶ ሠንጠረዡን ደረጃ በደረጃ መሙላት ይቻላል።

በዚህ ሥራ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ጸሐፊው «ሐምሌ»ን በሃሌታው ሀ ጽፎት ቢገኝ እንደ ጻፈው ይቀመጥ። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ በፋይሉ ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ተርጓሚው ለራሱ ደስ ባለው ሆሄ ቢያቀናቸው ሰነዱን አዳነ ሳይሆን ሌላ ሰነድ ጻፈ ይባላል። የሰው ስምማ ከሆነ አንዲት ሆሄ የውርስን ክርክር ልታስነሣ ትችላለች።

የቀኑ ነገር

ፋይሉ ከነቀኑ ሲገኝ ማስረጃ የተገኘ ይመስላል። ይህንም በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሮች መብራት ሲጠፋ የሚቀጥል ሰዓት አልነበራቸውም። ዶስ ሲነሣ ቀኑን ይጠይቃል፤ ጸሐፊው መልስ ሳይሰጥ ካለፈ መሣሪያው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1980 ብሎ ይቈጥራል፤ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዶስ ዘመን ዲስክ ላይ ይህን ቀን የያዙ ፋይሎች ቢበዙ በዚያ ቀን ብዙ ተጻፈ ማለት አይደለም፤ ቀኑን የሞላ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሲ.ፒ.ኤም. 2.2 ደግሞ በማውጫው ውስጥ ቀን ጨርሶ አያስቀምጥም። በተጨማሪም ጸሐፊው በጽሑፉ ውስጥ የሚያሰፍረው የኢትዮጵያን ቀን ሲሆን መሣሪያው የሚይዘው የፈረንጁን ነው። ስለዚህ የፋይሉ ቀን ፍንጭ ነው እንጂ ምስክር አይደለም፤ በመዝገባችንም ሁለቱ ለየብቻ ሊሰፍሩ ይገባል።

አደራችን

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት የልደታ አሮጌ መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ ነዋሪው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ሄደ። ቤት ሲቀየር መጀመሪያ የሚጣለው ጥቅሙ የማይታይ ዕቃ ነው፤ ዲስክ ደግሞ ጥቅሙ ከሁሉ ይልቅ የማይታይ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2011 የፍሎፒ ሽያጩን ካቆመ ወዲህ ድራይቩም ዲስኩም በየዓመቱ እየተመናመነ ነው። የቀረን ጊዜ አጭር ነው።

ነገር ግን ማንበብ መቻል ብቻውን ማንበብን አይፈቅድም። የጽሕፈት ቤቱ ዲስክ የጽሕፈት ቤቱ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን የባለጉዳዩ ነው። ፍቺ አለበት፣ ውርስ አለበት፣ የልጅ ቀለብ አለበት፣ ሰው ለጸሐፊውና ለዳኛው ብቻ የነገረው ነገር አለበት። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል። ከእነዚህ በፊትም ቢሆን ራፖር ጸሐፊ የሰማውን አያወራም ነበር፤ እኛም ከእርሱ ያነሰ ሥነ ምግባር ሊኖረን አይገባም። ባለሙያው የሚያነበው ፋይሉ በትክክል መተርጐሙን ለማረጋገጥ የሚበቃውን ያህል ነው፤ ከዚያ ያቆማል። ቅጂው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ካልታወቀ ተቈልፎ ይቀመጣል እንጂ ለማሳያ አይቀርብም።

የተስፋ ምሳሌም አለን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ማይክሮ ሲ.ዲ.ኤስ. አይሲስ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ለአነስተኛ ኮምፒዩተር ሲያወጣ፣ መዝገቡን ወደ ታወቀ ዓለም አቀፍ የመለዋወጫ ቅርጽ የሚያወጣበትን መንገድ አብሮ ሰጥቷል። በዚያ የተሠሩ ማውጫዎች ወደ አዳዲስ ሥርዓቶች ለመሻገር መንገድ አላቸው። እንዲሁም በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ናሙና ከ1987ቱና ከ1999ኙ ጋር በአይፓምስ ኢንተርናሽናል ስብስብ ውስጥ ለተመራማሪዎች ይገኛል። የዳነው መረጃ በዕድል የዳነ አይደለም፤ አስቦ ያሸጋገረው ሰው ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አባላት በየቤታቸውና በየመሥሪያ ቤታቸው ያሉትን አሮጌ ኮምፒዩተሮችና ድራይቮች አስመዝግበው፣ ማን ምን ዓይነት ዲስክ ማንበብ እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ዝርዝር ይኑረን። አንዱ የሚጥለው ድራይቭ የሌላው ብቸኛ መፍትሔ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛ፣ የየአማርኛ ፕሮግራሙ የፊደል ሠንጠረዥ፣ ፕሮግራሞቹን የሠሩት ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ ከእነርሱው ተጠይቆ ይሰብሰብ፤ በዚህ መጽሔትም ይታተም። ወረቀት ላይ የታተመ ሠንጠረዥ ያለ መሣሪያ ይነበባል። ሦስተኛ፣ የሰው ሰነድ የሚያነብ አባል የሚገዛበት አጭር የሥነ ምግባር ደንብ ይጻፍ።

ከእነዚህ መካከል ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው፤ ጊዜ የማይሰጠው ግን ሁሉም ነው። በተለይ ሁለተኛው የሰዎችን ትዝታ የሚመለከት ስለሆነ ከሚቀጥለው ጉባኤ በፊት እንዲጀመር በትሕትና እጠይቃለሁ። ጥያቄና ተጨማሪ አስተያየት ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።